ኮምፒውተርዎ ሌሊት እንዳይጮህ፦ በናይሮቢ ገበያ ኬዝ ሲመርጡ

ቀን ቀን በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ውስጥ የኮምፒውተር ድምፅ የሚሰማ ሰው የለም። የማታቱ ሚኒባስ ጥሩምባ፣ የረዳት ጥሪ፣ የሸክም ጋሪ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሻገር ሙዚቃ ሁሉን ይውጠዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ ግን ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ከአልጋው 2 እርምጃ ርቆ የተቀመጠው ሳጥን መሰማት ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ንብ ያጉረመርማል፤ ሥራ ሲበዛበት እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። ናይሮቢዎች «ቤድሲተር» በሚሉት ባለ አንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ሰው መሸሻ የለም፤ መኝታውም ማብሰያውም መሥሪያውም ያው ክፍል ነው። የአሜሪካን ሰዓት ጠብቀው ሌሊት የሚሠሩ፣ ድምፅ የሚቀርጹ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወገኖች ደግሞ እዚህ ከተማ ጥቂት አይደሉም። አንዱ ሲሠራ ሌላው እዚያው ይተኛል። ሕፃን ያለበት ቤትም አለ።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ኮምፒውተር ከየዕቃው ለመገጣጠም ላሰቡ፣ ገንዘባቸው የተመጠነ፣ ጸጥታ ግን ለሚያስፈልጋቸው። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ጸጥታ የሚገኘው ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ በመዝጋት ሳይሆን አየር በሰፊው እንዲገባና እንዲወጣ በማድረግ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ስለሚያስብ ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ሰው ከጠረጴዛ ሥር ያለውን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» ይለዋል። ሲፒዩ ግን ውስጥ ያለችው ፕሮሰሰር ናት። ባዶው የብረት ሳጥን ኬዝ ወይም ኬዚንግ ይባላል፤ ሱቅ ገብተው «ሲፒዩ አለ?» ካሉ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ነው የሚያመጡልዎት። ሚድ ታወር ማለት መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ኤቲኤክስ የተባለውን ሙሉ መጠን ማዘርቦርድ የሚይዝ ኬዝ ነው። የኤቲኤክስ ልክ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ መለኪያውን ኢንቴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም ስንት ጊዜ ተቀያይሯል፤ የብሎኖቹ ቦታ ግን በመሠረቱ ያው ነው። ስለዚህ ደህና ኬዝ አንዴ ከገዙ 2 እና 3 ማዘርቦርድ ያሳልፋል። አነስ ያለው ማይክሮ ኤቲኤክስ፣ 244 በ244 ሚሊሜትር የሆነው፣ እዚያው ሚድ ታወር ውስጥ ተመቻችቶ ይገባል። ብዙ ሰው በርካሽ የሚያገኘው ማዘርቦርድ እሱ ስለሆነ ትርፉ ቦታ ለአየር ይሆናል።

ድምፁ የሚመጣው ከየት ነው?

በአብዛኛው ከማራገቢያው፣ ማለትም ከፋኑ ነው። የፋን ድምፅ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ እጅግ ቀድሞት ይሮጣል። በ1,400 ዙር በደቂቃ የሚሽከረከርን ፋን ወደ 700 ብናወርደው የሚያንቀሳቅሰው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ የ10 ዴሲቤል ቅናሽን «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ እንደሚሰማው ልብ ይበሉ። አሁን የጎደለውን ግማሽ አየር ለመሙላት እዚያው አጠገብ ሌላ ተመሳሳይ ፋን በ700 ዙር እናስነሳ። ሁለት እኩል ድምፆች ሲደመሩ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የአየሩ መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ 2 ዝግ ያሉ ፋኖች አንዱ ፈጣን ፋን የሚሠራውን ሥራ በ12 ዴሲቤል ያህል ባነሰ ድምፅ ይሠራሉ ማለት ነው። ይህን ስሌት የተረዳ ሰው ኬዝ ሲገዛ ግማሹ ፈተና ቀሎለታል። የሚፈልገው ቢያንስ 2 ፋን ከፊት፣ 1 ከኋላ የሚቀበል፣ ቢቻል 140 ሚሊሜትር የሆነውን ሰፊ ፋን የሚይዝ ሳጥን ነው። ሰፊ ፋን ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ አየር ይገፋል።

ናይሮቢ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ከፍታዋ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,795 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው አየር ሲሳሳ በእያንዳንዱ ሊትር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በቁጥር እንየው፤ 300 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር አለ እንበል፤ የሚወጣው አየር ከገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ብንፈልግ ጠረፍ ላይ ባለችው ሞምባሳ በየሰከንዱ 25 ሊትር ገደማ አየር ይበቃል። ናይሮቢ ላይ ግን ወደ 31 ሊትር ያስፈልጋል፤ ውኃ የምንቀዳበት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በየሰከንዱ አንድ ተኩል ጊዜ እንደመሙላት ነው። 2,355 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ 33 ሊትር ገደማ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ የደጋው ቅዝቃዜ ይክሰናል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የናይሮቢ ክፍል ያለ ምንም ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ነው። ቢሆንም በዝቅተኛ ቦታ የተለካ የኬዝ ውጤት አንብበው «ይህ በ800 ዙር በጸጥታ ይሠራል» ከተባሉ፣ እኛ ጋ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሚዞር ያስቡና መንገዱ ሰፋ ያለውን ይምረጡ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ገበያ ላይ በጸጥታ ስም የሚሸጡ ኬዞች አሉ፤ ፊታቸው የተደፈነ፣ ጎናቸው ከውስጥ በወፍራም ስፖንጅ ወይም በሬንጅ መሰል ንጣፍ የተለበጠ። የስዊድኑ ፍራክታል ዲዛይን ዲፋይን የተባሉት ተከታታይ ሞዴሎች እና የጀርመኑ ቢ ኳየት ፒዩር ቤዝ 500 የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ጥራታቸውም አያጠራጥርም። ንጣፉ የሃርድ ዲስክን እና የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ቀጭን ፉጨት ያፍናል። ችግሩ ፊቱ ሲደፈን አየር በጎን ባለ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ መግባቱ ነው፤ ውስጡ ይሞቃል፣ ፋኖቹ ይፈጥናሉ፣ የታፈነው ድምፅ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። ቢሮ ሥራ ብቻ ለሚሠራ፣ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር የተደፈነው ኬዝ በጣም ጥሩ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ግራፊክስ ካርድ ለገጠመ ሰው ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ ተራ ኬዝ ከተደፈነ ውድ ኬዝ ይበልጥ ጸጥ ይላል። ገንዘብም ያተርፋል፤ ወንፊት ከስፖንጅ ይረክሳልና።

ሱቅ ውስጥ

ከኢስሊ በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ መሀል ከተማ ሲደርሱ ሉቱሊ ጎዳና ቅርብ ነው፤ በደቡብ አፍሪካዊው የኖቤል ሰላም ተሸላሚ በአልበርት ሉቱሊ የተሰየመው፣ የናይሮቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት። የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች በሞይ ጎዳናና በአካባቢው ባሉ ሕንፃዎችም ሞልተዋል፤ አንዱ ትልቅ ሱቅ በጣውላና በመስታወት ለብዙ ተከራይ የተከፋፈለበትን «ኤግዚቢሽን» ይሉታል። በመደርደሪያው ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው በቀለም የሚያበራው ኬዝ ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ 3 ወይም 4 ቀስተ ደመና የሚተፉ ፋኖች።

የመጀመሪያ ኬዜ እንዲህ ያለ ነበር። ቤት አስገብቼ ስሰካው ክፍሉ እንደ ሰርግ ቤት አበራ፤ ድምፁ ግን ያንኑ ሌሊት አስመረረኝ። ከማዘርቦርዱ ፍጥነቱን ለመቀነስ ብሞክር ምንም አልተለወጠም። ምክንያቱን ያወቅሁት ገመዱን ተከትዬ ነው። ፋኖቹ የተሰኩት ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ሞሌክስ በሚባለው 4 ትልልቅ ፒን ባለው ሶኬት ነበር። በዚያ መንገድ የተሰካ ፋን ሁልጊዜ 12 ቮልት ያገኛል፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ ኬዝ ሊገዛ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው «የፋኑን ገመድ ጫፍ እይ» ነው። ትንንሽ 4 ፒን ያለው ከሆነ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን እንደ ልቡ ያዘዋል፤ ይህ የተሻለው ነው። 3 ፒን ከሆነም አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ቮልቱን በመቀነስ ያበርዱታል። ሞሌክስ ብቻ ካለው ወይም ሌላ ቦታ የማይገባ የራሱ ልዩ ሶኬት ካለው፣ ፋኑን አውጥተው እንደሚቀይሩት አስበው ዋጋውን ይከራከሩ።

ሁለተኛው ፈተና ፊቱ ነው። የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከውስጥ በኩል ወደ ፊት ያብሩበት። በወንፊቱ ቀዳዳዎች ብርሃኑ በደንብ ከወጣ አየሩም ይገባል። ከወንፊቱ ኋላ ደግሞ ሌላ የተደፈነ ፕላስቲክ ያላቸው፣ ወንፊቱ ለጌጥ ብቻ የሆነባቸው ኬዞች አሉ፤ ባትሪው ወዲያው ያጋልጣቸዋል። ፊቱ መስታወት ከሆነ ብርሃን ማለፉ ምንም አይነግርዎትም፤ በመስታወቱና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። ትንሿ ጣትዎ የማትገባበት ከሆነ ይተዉት።

ቀጥሎ ጎኑን በጣት ያንኳኩት። ቀጭን ቆርቆሮ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል፣ በመዳፍ ሲጫኑት ይርገበገባል፤ ፋንና ሃርድ ዲስክ ሲነሱ ራሱ ከበሮ ይሆናል። ወፈር ያለው ብረት ድብ የሚል አጭር ድምፅ ነው ያለው። ብሎን ፈትተው ጎኑን መልሰው ሲገጥሙትም ያለ ትግል ቦታው ላይ መቀመጥ አለበት። የተጣመመ ኬዝ ቤት ሲደርስ አይቃናም።

ልክም ይጠይቁ። በማማ ቅርጽ የተሠሩት ጥሩ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ ከ155 እስከ 160 ሚሊሜትር ከፍታ አላቸው፤ ጠባብ ኬዝ አይቀበላቸውም፤ ያኔ ትንሹንና ጯሂውን መግጠም ግድ ይሆናል። የግራፊክስ ካርድዎን ርዝመት በሜትር ለክተው በወረቀት ይያዙ። ሻጩ «ይገባል» ሲል ይስሙት፤ ሜትሩን ግን አይተዉት።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ርካሽ ኬዝ ብዙ ጊዜ «ከነ ፓወር ሰፕላዩ» ይሸጣል፤ 500 ዋት የሚል ጽሑፍም ተለጥፎበታል። ትልቁን ቁጥር ትተው ከሥር ባለው ሠንጠረዥ በ12 ቮልት ረድፍ ስንት አምፔር እንደተጻፈ ይመልከቱ። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚበሉት ከዚያ ነው። 18 አምፔር ከተጻፈ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል፤ 500ው የት እንደሄደ ሻጩም አይነግርዎትም። እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ በትንሽ ሥራ ይሞቃል፣ ትንሿ ፋኑ ትጮኻለች፣ ከዚያም ባለፈ ሌላውን ዕቃ ይዞ ሊቃጠል ይችላል። ኬዙን ባዶውን ገዝተው ፓወር ሰፕላዩን ለብቻ፣ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለውንና ስሙ የሚታወቀውን ይግዙ። ከኬዝ ላይ ይቆጥቡ፤ ከፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አይቆጥቡ።

በስም ጥቀስ ከተባልኩ፣ ወንፊት ካላቸው መካከል የፍራክታል ፖፕ ኤር 3 ፋን ይዞ ይመጣል፤ ኮርሴር 4000ዲ ኤርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ ዛሬም የሚያኮራ ነው፤ ዲፕኩል ሲሲ560 ደግሞ 4 ፋን ይዞ ከርካሾቹ ተርታ ይመደባል። ነገር ግን የናይሮቢ መደርደሪያ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣልና በስም ከመሄድ በፈተናው መሄድ ይበጃል። ስም የሌለው፣ ፋን እንኳ የሌለው፣ ፊቱ ግን ሙሉ ወንፊት የሆነ ኬዝ ካገኙ እሱን ገዝተው 2 ባለ 4 ፒን ፋን ቢጨምሩበት ባለ መብራቱን ያስንቃል። እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

መስታወት ያለበትን ከገዙ አጓጓዙን ያስቡ። ጎኑ ላይ ያለው ጠንካራ መስታወት በገጹ ቢመታ ይችላል፤ ጠርዙ ሴራሚክ ወለል ከነካ ግን በአንዴ ወደ ጠጠር ይለወጣል። በቦዳ ቦዳ፣ ማለትም በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ከሆነ መስታወቱን ፈትተው በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻ ይያዙት።

የኤክስ ዩኬው ወጥመድ

ናይሮቢ ውስጥ ብዙ ሰው የሚነሳው «ኤክስ ዩኬ» ከሚባለው፣ በእንግሊዝ ቢሮዎች ካገለገለ በኋላ ከመጣው ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ሥራውም የታመነ ነው። ብዙዎች ይህን ገዝተው «አንጀቱን ወደ አዲስ ኬዝ ላዛውረው» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። ተራው ማዘርቦርድ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ባለ 24 ፒን ሶኬት ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን የራሱ ባለ 8 ፒን፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ የራሱ ባለ 6 ፒን አለው። የማብሪያው ቁልፍ ገመድም እንዲሁ የራሳቸው ነው፤ ከኋላ ያለው የሶኬቶች መከለያም ከሳጥኑ ጋር አብሮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መቀየሪያ ገመድ ይገኛል፤ ጎበዝ ፉንዲም፣ ማለትም ጠጋኝ፣ ያስተካክለዋል። ግን ለምን? እነዚህ የቢሮ ማሽኖች በራሳቸው ሳጥን ውስጥ ሲሆኑ ሲበዛ ጸጥተኞች ናቸው፤ ብዙ ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ እንዲሠራባቸው የተሠሩ ናቸውና። ኤክስ ዩኬ ካለዎት አዲስ ኬዝ አይግዙ። አቧራውን አራግፈው፣ የፕሮሰሰሩን የደረቀ ቅባት አስለውጠው፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይተኩ፤ ድምፁ በግማሽ ቀን ውስጥ የሌላ ማሽን ይመስላል።

ሃርድ ዲስክ ካነሳን አይቀር፣ በ7,200 ዙር የሚዞረው ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ያ ወፍራም እምምታ ጠረጴዛውን ይዞ ነው የሚሰማው። ዲስኩን ማስቀረት ካልቻሉ ከብረቱ ጋር በጎማ ቀለበት የሚታሰርበትን ኬዝ ይምረጡ። ጎማ ከሌለው ከአሮጌ ሲሊፐር ጫማ ሶል 4 ቁራጭ ቆርጠው ከኬዙ እግር ሥር ያድርጉ፤ ንዝረቱ ወደ ጠረጴዛው እንዳይተላለፍ ይረዳል።

አቧራ

የናይሮቢን ቀይ አፈር የኖረበት ያውቀዋል። በጥርና በየካቲት ድርቅ ወቅት አስፋልት ባልተነጠፈ መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ወለሉ ጠዋት ተጠርጎ ማታ ይቀላል። ያ አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ፋኑ ሊያካክስ ይፈጥናል። ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር በድንገት ጯሂ ሲሆን ሰው ፋኑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ስለዚህ ከፊትና ከሥር ተጎትቶ የሚወጣና በውኃ የሚታጠብ ማጣሪያ ያለው ኬዝ ይምረጡ። ለማውጣት ብሎን የሚያስፈታ ማጣሪያ አይታጠብም፤ ሰው ይሰለቻል። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጣው ይብለጡ፤ 2 ከፊት አስገብተው 1 ከኋላ ቢያስወጣ ውስጡ ትንሽ ግፊት ይይዛል፣ አቧራም በየስንጥቁ ከመግባት ይልቅ በማጣሪያው በኩል ለመምጣት ይገደዳል። ማጣሪያውን ሲያጥቡ በደንብ ሳይደርቅ አይመልሱት።

ኬዙን ምንጣፍ ላይ አያስቀምጡ። በአሁኑ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ብዙውን ጊዜ ከታች ተቀምጦ አየር ከሥር ነው የሚስበው፤ ምንጣፍ አፉን ይዘጋበታል። ከግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት።

ከተገጠመ በኋላ ዋናው ሥራ ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ነው። ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ፋኑን ለጥንቃቄ ፈጠን አድርገው እንዲያዞሩ ተደርገው ነው። ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ፋኖቹ በዝቅተኛ ዙር እንዲቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ እንዲወጡ ያዟቸው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር 70 እና 75 ዲግሪን ሳይጨነቅ ይችላል። ፋኑ ለሙቀት ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ በጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ የሚያደርግ ምርጫ ካለም ያብሩት፤ የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው የማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፅ ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚለው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም የሚረብሽ ድምፅ ካለ፣ ሌሊት ሰፈሩ ዝም ሲል ጎኑን ከፍተው ያዳምጡ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አንድ የኬዝ ፋን ይንቀሉ፣ እንደገና አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ይስሙ፣ ያንን መልሰው ሌላውን ይሞክሩ፤ የፕሮሰሰሩን ፋን ግን አይንኩ። የቱ ሲነቀል ድምፁ እንደጠፋ ካወቁ የሚቀየረው ያ አንዱ ብቻ ነው። ሁሉም የኬዝ ፋን ተነቅሎ ድምፁ እዚያው ከቀረ ፓወር ሰፕላዩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ይጠርጥሩ። እኔ በዚህ መንገድ ሳጣራ አንድ ሌሊት ያገኘሁት ድምፅ ከሳጥኑ አልነበረም፤ መብራት ሲሄድ እንዲያሻግረኝ ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥኩት ዩፒኤስ ነበር፤ ወደ በሩ ጥግ ወሰድኩት።